የናስር ክንድ

ጎንደር፣ ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር ነጋ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አባትሽ አያ ነጋ ባለፈው ቅዳሜ ከትክል ድንጋይ መጥተው ቤት ድረስ ጠይቀውኛል፤ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውም ተሽሏቸዋል። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱ የዘገየው እጄ ቀስ ስለሚል ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማረ ሰው አንድ ገጽ ለመሙላት ስንት ቀን እንደሚፈጅበት እናንተ ዩኒቨርሲቲ የጨረሳችሁ አታውቁትም።

በስልክ ብንነጋገር ይቀላል ብለሻል። አይቀልም። ባለፈው ስትደውዪ አንቺም አለቀስሽ፣ እኔም አለቀስሁ፣ ካርድሽ አለቀና ምንም ሳንነጋገር ቀረን። በወረቀት ከሆነ ያልገባኝን ደግሜ አነበዋለሁ። ስለዚህ ጻፊልኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ናስር በኢንተርኔት የጀመረውን ሱቅ ልዝጋው ወይ ብለሽኛል። አትዝጊው።

ልጄ ናስር ከአይከል ሲመለስ ማኪናው ከተገለበጠ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ አይዞሽ ይለኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የሚያወራ የለም። ስሙን ከጠራሁ ወሬ ይለውጡብኛል። አንቺ ጓደኛው ግን ጽሑፉ በዚያ ሱቅ ውስጥ እንዳለ ጻፍሽልኝ። በስልክ ኢንተርኔት እዚህ አይሠራም፤ ስለዚህ የእህቴ ልጅ ዙሌይካ ማራኪ ወደሚገኝ ኢንተርኔት ቤት ወስዳ አሳየችኝ። የሸመነውን ሁሉ ፎቶ አንስቶ ከሥሩ በራሱ አነጋገር ጽፎበታል። አንዱ ነጠላ ሥር «ሳይታጠብ ሻካራ ነው። አንድ ጊዜ እጠቡትና ከዚያ በኋላ ስደቡኝ» ይላል። ሳላስበው ሳቅሁ። እዚያ የነበሩት ተማሪዎች ዞረው አዩኝ።

ሠላሳ አንድ ዕቃ ቆጥሬያለሁ። ሠላሳ አንዱም ላይ ድምፁ አለ።

የአክስትሽ ልጅ ከዱባይ በካርዱ የሱቁን ኪራይ ይከፍልለት እንደነበር፣ በጥር መጨረሻ ጠቅልሎ ሲመጣ ካርዱ እንደሚዘጋ፣ ያኔ ሱቁ ከነጽሑፉ እንደሚጠፋ ነግረሽኛል። እንግዲህ እስከ ጥር 30 ድረስ ሌላ ቤት ልናገኝለት ነው። ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ግን አላውቅም። ናስር «ሶፍትዌር፣ ሶፍትዌር» ሲል እሺ እለው ነበር፤ ሳይገባኝ ነው እሺ የምለው። አሁን እሺ የምለው ሰው የለኝም። ከመጀመሪያው ጀምረሽ አስረጂኝ።

አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ጠዋት ጫማውን እያሰረ ያንጎራጉር ነበር። ናስር ጠዋት ጠዋት አኩራፊ እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። «ምነው ዛሬስ?» ስለው «ስመለስ እነግርሻለሁ፣ እማ» ብሎኝ ወጣ። ያስደሰተውን ነገር ታውቂ እንደሆነ ጻፊልኝ።

እናትሽ ፈህሚያ በድሩ



አዲስ አበባ፣ ኅዳር 24 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለእማማ ፈህሚያ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የናስር አጎት ሙስዓብስ ሽመናውን ቀጠለ? ዙሌይካን ሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራ ይበዛብኛል እንጂ ሌላ ችግር የለም።

ሶፍትዌር ማለት ኮምፒውተሩ የሚሠራበት በጽሑፍ የተሰጠው ትእዛዝ ነው። የሱቅ ሶፍትዌር ደግሞ ዕቃውን ይደረድራል፣ ዋጋውን ያሳያል፣ ገዢው «ይህን እፈልጋለሁ» ሲል ስሙንና አድራሻውን ተቀብሎ ለባለሱቁ ያሳውቃል። ከዚህ በላይ አይጠብቁበት። አይሸምንም፣ ዕቃም አያደርስም።

የሚገኘው በሦስት መንገድ ነው። ናስር የመረጠው ኪራዩን ነው። ውጭ አገር ያለ ድርጅት ሱቁን ሠርቶ፣ ጠርጎ፣ ዘበኛ አቁሞ ያከራያል። ቶሎ ይከፈታል፤ ተከራዩ ምንም ማወቅ የለበትም። ግን በየወሩ በውጭ ካርድ ይከፈላል፤ ደንቡም የአከራዩ ነው። ሁለተኛው በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። እሱን የራስ በሆነ ቦታ ላይ ይተክሉታል። ቦታውና የሱቁ ስም በዓመት አንዴ ይከፈልባቸዋል፤ አዲስ አበባ በብር የሚያከራዩ አሉ። እንደልብ ይለውጡታል፤ ሲበላሽ ግን የሚጠግነው ባለቤቱ ራሱ ነው። ሦስተኛው ሰው ቀጥሮ ከባዶ ማሠራት ነው።

የትኛው ይሻላል ብለው አይጠይቁኝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ያማረውን አይቶ ይመርጥና በኋላ ሥራው አልገባበት ይለዋል። መጀመሪያ ሥራችሁ ከክሩ ተነሥቶ ገዢው እጅ እስኪገባ እንዴት እንደሚሄድ ይጻፉልኝ። ከዚያ እሱን የሚችል ሶፍትዌር እንፈልጋለን።

አንድ ነገር ያስፈልገኛል። ናስር ሁሉም ዕቃ ላይ ቁመቱን «አምስት ክንድ፣ በእኔ ክንድ» እያለ ነው የጻፈው። ጎንደር ላሉት ደንበኞች ይህ ይበቃል፤ ክንዱን ያውቁታል። ሌላ አገር ያለ ሰው ግን አያውቀውም። ሶፍትዌሩም ቁጥር ይፈልጋል። ስፌት ቤት ያለውን ሜትር ተውሰው የናስርን መለኪያ ዘንግ ቢለኩልኝ፣ ስንት ሳንቲም ሜትር ነው?

ስለዚያ ጠዋት የጠየቁኝን አይቻለሁ። በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ እስከዳር



ጎንደር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፣

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብሁት። በአራተኛው ገባኝ። ሸጋ አድርገሽ ነው የጻፍሽው።

ሥራችን እንዲህ ነው። ፈትሉ ከአይከል ከሴቶቹ ይመጣል። የባሌ ወንድም ሙስዓብ ድሩን ያደራና ይሸምነዋል። አንድ ጋቢ ስምንት ቀን ይፈጃል፤ ጥለቱ ከበዛ አሥር። ሠርተን አናስቀምጥም። ሰው መጥቶ ያዛል፣ ቁመቱን እንነጋገራለን፣ የጥለቱን ቀለም ይመርጣል፣ ከዚያ ነው የሚጀመረው። ሲያልቅ ሰውየው ይመጣና ይወስዳል፤ ሩቅ ከሆነ በአውቶቡስ እንልካለን።

ይህን ለዙሌይካ ነግሬያት ኪራዩ ሱቅ ላይ ልትሞክረው ሞከረች። «ያለው ብዛት ስንት ነው?» የሚል ሳጥን አለ። የለንም፣ ዜሮ በዪ አልኋት። ዜሮ ስትል በቀይ ጽፎ «አልቋል» አለን። ምን ያለቀ ነገር አለ? ገና አልተጀመረም እኮ! ዙሌይካ አንድ ሺህ ብላ ሞላችውና ተከፈተ። ይህን ስነግረው ሙስዓብ ከሽመና ጉድጓዱ ሆኖ «አንድ ሺህ ጋቢ በእኔ እጅ? ያ ሶፍትዌር ወይ እኔን አያውቀኝም፣ ወይ ጠላቴ ነው» አለ። ከናስር ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጻፊልኝ፦ ሲታዘዝ ብቻ የሚሠራ ዕቃን ያለ ውሸት የሚቀበል ይሁን።

ሦስተኛውን መንገድም አየሁት። የሻው የሚባል ልጅ ፒያሳ ቢሮ ከፍቷል፤ የሰፈር ሰው ነግሮት መጣ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ብዙ የሚያምር ነገር አሳየኝ። በሁለት ሳምንት አስረክባለሁ አለ። የተነጋገርነውን እንዳለ ልጻፍልሽ።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚሆነው?» አልሁት።

«እኔ ጋ ነዋ፣ እማማ። እርስዎ ምን አስቸገረዎ?»

«እንዴት እንደሠራኸው ሌላ ሰው ያውቃል?»

«ማንም አያውቀውም! ለዚህ ነው እኮ ሌባ የማይደፍረው።»

«አንተ አገር ለቀህ ብትሄድስ?»

«ስልኬ አለ፤ ይደውሉልኛል።»

«የናስርም ስልክ ነበር» አልሁት።

ደህና ልጅ ነው፤ አንገቱን ደፋ። ሻይ ጠጥቶ ሲወጣ «እውነትዎን ነው» ብሎኝ ሄደ። ስለዚህ ሁለተኛውን ጻፊልኝ፦ ሱቁ አንድ ሰው ላይ ብቻ የተንጠለጠለ እንዳይሆን። ዛሬ የምለፋው እንዲያ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

ሦስተኛውን ራስሽ ታውቂዋለሽ። ካርድ የለንም። ገዢው ባንክ አስገብቶ ደረሰኙን የሚልክበት መሆን አለበት።

ስለ ዘንጉ የጠየቅሽኝን አይቻለሁ።

ጠዋቱን ግን አልጻፍሽልኝም።

እናትሽ ፈህሚያ



ጎንደር፣ ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፣

እንኳን ለገና አደረሰሽ። ትክል ድንጋይ ለበዓል ሳትመጪ መቅረትሽን አባትሽ ነገሩኝ። ሥራ በዝቶባት ነው አልኋቸው። በልቤ ግን እኔን ላለማግኘት ይሆን ብዬ አሰብሁ። ተቀይመሽኝ ከሆነ ግን ንገሪኝ።

የላክሽልንን ሁለት ሶፍትዌሮች ለመሞከር አምስት ቀን ማራኪ ተመላለስን። እኔ ገዢ ሆንሁ፣ ዙሌይካ ሻጭ። «ከሐረር ነው የምጽፈው፣ ጋቢው ካልደረሰልኝ ፍርድ ቤት አቆማችኋለሁ» ብዬ አስቸገርኋት። አዲሱ ኪራይ ፈጣን ነው፣ እንደ ድሮው አያስዋሽም፣ ያምራልም። ግን መጨረሻው ላይ ካርድ ካላመጣችሁ አላልፍም አለ። ቁመቱንም «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» ካልሆነ አልቀበልም አለ። የእኛ ጋቢ ትንሽ የሚባል የለውም።

ነፃው ቀርፋፋ ነው። መልኩም ገና ያልተለሰነ ቤት ይመስላል። ግን ዙሌይካ «በትእዛዝ የሚሠራ» የሚል አስገባችበት፤ ተቀበለ። የባንኩን ጻፈችበት፤ ተቀበለ። በመጨረሻ አዲስ ሳጥን ጨመረችና «ክንድ» ብላ ጻፈች፤ ፊደሉ ሳይበላሽ ወጣ።

ያላልሽውን አንድ ነገር ደግሞ እኔ ጠየቅሁ። ከመግባታችን በፊት መውጫውን አሳዩኝ አልሁ። ናስር ሲገባ ያላየው እሱን ነውና። ዙሌይካ ሠላሳ አንዱንም ዕቃ ከናስር ኪራይ ሱቅ አውጥታ ፍላሽ ላይ ጫነች፤ ከፍላሹ ወደ ነፃው አስገባች፤ እንደገና ከነፃው አወጣች። የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ፎቶ ጠፋብን። እህል አልበላሁም ያን ቀን። በማግስቱ ስማቸው በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ መሆኑ ታወቀና ተስተካከለ። አሁን ሁሉም አለ፤ ነጠላውም «ከዚያ በኋላ ስደቡኝ» እንዳለ ነው።

ስለዚህ ነፃውን መርጫለሁ። መልኩ ይደርሳል። ዙሌይካ በየወሩ ታድሰዋለች፤ የሻውም አሠራሩን ይማር ብዬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ቁልፉ ሦስታችን ጋ ይሆናል፤ ቅጂው ደግሞ በፍላሽ ሆኖ እኔ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ቦታውንና ስሙን ተከራዪልን። ስሙ እሱ ያወጣው ይሁን፤ አትለውጪው።

አሁን የቀረው ያ ቁጥር ነው። ጠይቀሽኛል፤ እኔም ዘልዬዋለሁ። የዘለልሁበትን ልንገርሽ። አባቱ ሲሞት ናስር አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። በጉድጓዱ ሲተካ ሙስዓብ ሸምበቆ አምጥቶ ክንዱን አስተኛበትና ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ለክቶ ቆረጠለት። እዚህ ሸማኔ ሁሉ የራሱ አለው፤ የሌላውን አያነሣም። የናስር ክንድ ረዥም ስለነበር ደንበኛው ይወደዋል፤ «በናስር ክንድ ይሁንልኝ» ይሉ ነበር። ዘንጉ ከጉድጓዱ በላይ እሱ እንደሰቀለው አለ። ሙስዓብ በራሱ ዘንግ ነው የሚለካው። እኔ አቧራውን እንኳ አልጠረግሁም። የእሱ ከሆነው ሁሉ ልክ እሱን የሚያህለው ያ ብቻ ነው።

አንቺም የዘለልሽው አለ። ጠዋቱን ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ። አንዳችን እንጀምር። አንቺ ታናሽ ነሽና ጀምሪ።

እናትሽ ፈህሚያ



አዲስ አበባ፣ ጥር 11 ቀን 2009 ዓ.ም.

እማማ ፈህሚያ፣

ይህን ደብዳቤ ከመስከረም ጀምሮ እየጻፍሁ እቀድዳለሁ።

ሱቁን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ናስር ገና ነው፣ የጋቢዎቹ ፎቶ አላማረኝም እያለ አንድ ወር ዘግቶ ያዘው። ቁልፉን ሰጥቶኝ ስለነበር መስከረም 17 ቀን ሳልነግረው ከፈትሁት፤ ላስደስተው ብዬ ነው። በሁለተኛው ቀን ገዢ መጣ። የመጀመሪያው ገዢ። ሐዋሳ ያለች መምህርት ናት። ለአባቷ ባለ አምስት ክንድ ጋቢ አዘዘችና ከሥሩ ጥያቄ ጻፈች። ያለችውን ቃል በቃል እነሆ፦ «አባቴ በጣም ረዥም ሰው ነው፤ እስካሁን የገዛሁለት ሁሉ እግሩን አይሸፍነውም። በእኔ ክንድ ትላላችሁ፤ የማን ክንድ ነው? በሳንቲም ሜትር ስንት ነው?»

ማታ ደወልሁለትና አነበብሁለት። መጀመሪያ ለምን ከፈትሽው ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ «እስኪ ድገሚልኝ» አለኝ። ሁለት ጊዜ ደገምሁለት። በጣም ሳቀ። «የማን ክንድ ነው ትለኛለች! ነገ ለእሷ የሚሆን ፈትል ከአይከል አመጣለሁ፤ ስመለስ ዘንጉን ለክቼ እነግርሻለሁ። ለእማ እንዳትነግሪያት፣ እኔ ነኝ የምነግራት» አለኝ።

በማግስቱ ሄደ።

ባልከፍተው ኖሮ አይሄድም ነበር። ለመምህርቷም እስከ ዛሬ አልመለስሁላትም። ሁለት ጊዜ ጻፈች። በኅዳር «ካልሆነላችሁ ንገሩኝ፣ አልቀየምም» ብላለች። ሱቁን ልዝጋው ወይ ብዬ የጠየቅሁዎ እሱን ላለማየት ነበር። ለገና ያልመጣሁትም ዓይንዎን ማየት ስላቃተኝ ነው። ተቀይሜ አይደለም።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። እንዲያውቁት ብቻ ነው።

እስከዳር



ጎንደር፣ ጥር 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፣

ደብዳቤሽን ዙሌይካ እንድታነብልኝ አልሰጠኋትም። ብቻዬን አነበብሁት።

አላለቀስሁም ብዬ አልዋሽሽም። አለቀስሁ፤ ከዚያ ታጥቤ ሰገድሁ፤ ከዚያ እንደገና አነበብሁት። አሁን የምጽፍልሽን ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

የአይከልን መንገድ ናስር በየወሩ ይሄደው ነበር። ያለ መምህርቷም ይሄደው ነበር። ማኪናውን የገለበጠው ገዢ አይደለም፣ አንቺም አይደለሽም። የዕለቱን ቀን የሚያውቅ አላህ ነው። አንቺ ያደረግሽው ሌላ ነው። ልጄ ያን ጠዋት እንዲያንጎራጉር ያደረግሽው አንቺ ነሽ። አራት ወር ሙሉ በምን ተደስቶ እንደወጣ ሳላውቅ ተኛሁ፤ ሳላውቅ ተነሣሁ። አሁን አወቅሁ። ይህን አራት ወር ስለደበቅሽኝ ግን ተቆጥቻለሁ፤ ስትመጪ እቆጣሻለሁ። ስለዚህ ነይ።

ደብዳቤሽን አጥፌ ወደ ሙስዓብ ወጣሁ። ፈትሉን አምጣ አልሁት። ከማኪናው የተረፈውን ዕቃ ሲያስረክቡን አብሮ የመጣ ጆንያ ነበር፤ ሳንፈታው ከአልጋው ሥር አድርገነው ነበር። ፈታነው። ንጹሕ፣ ደቃቅ ፈትል ነው። ልጄ ሲመርጥ እንዳልቸኮለ ያስታውቃል። «ይህ ሰው ያዘዘው ነው፣ ባለቤት አለው» አልሁት።

ሙስዓብ ፈትሉን ዳሰሰና «በማን ክንድ?» አለኝ።

ያንኑ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ፣ ስለ መምህርቷ ሳይሰማ። ወንበር አቁሜ ወጣሁ። ወንበሩን ያዘልኝ። ዘንጉን አወረድሁት፤ አቧራውን በነጠላዬ ጠረግሁት። ጫፉ ላይ እጁ የያዘው ቦታ ለስልሷል። ዙሌይካ የስፌቱን ሜትር ዘረጋችበትና ቁጥሩን ልትናገር ስትል ቆይ አልኋት። መጀመሪያ ክንዴን አጠገቡ አስተኛሁ። የእኔ ጣት የሚያልቅበትን አልፎ ብዙ ይሄዳል። ከዚያ በዪ አልኋት።

ለሙስዓብ ዘንጉን ሰጠሁት። በሰው ዘንግ አይለካም ብዬሻለሁ። ትንሽ አመነታ። ከዚያ ተቀበለኝና «በእሱ ይሁን» አለ። ድሩን አድርቷል። ሰኞ ያልቃል።

ተዘጋጅቷል ብለሽ ለዙሌይካ የላክሽላትን አዲሱን ሱቅ አየነው። ጥር 30 እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ደብዳቤዬ በደረሰሽ ቀን ክፈቺው። አሁን የምጠይቅሽ እኔ ባለቤቱ ነኝ፤ ሳትነግሪው ከፈትሽ የሚልሽ የለም። የእሱን ጽሑፍ አንድም ፊደል አትንኪ፤ «በእኔ ክንድ» ያለውም እንዳለ ይቆይ። ከሥሩ ዙሌይካ በጨመረችው ሳጥን ውስጥ ብቻ ቁጥሩን አስገቢ። ለመምህርቷ ደግሞ የሚከተለውን እንዳለ ላኪላት፦

«ለተከበርሽ መምህርት፣ የጥያቄሽ መልስ ስለዘገየብሽ ይቅርታ። ክንዱ የልጄ የናስር ነው። አርባ ዘጠኝ ሳንቲም ሜትር ከግማሽ ነው። አምስት ክንዱ ሁለት ሜትር ከአርባ ሰባት ሳንቲም ሜትር ተኩል ይሆናል። ጋቢው ሰኞ ከሽመናው ይወርዳል፤ ማክሰኞ በአውቶቡስ ይላካል። የአባትሽን እግር ይሸፍናል።»

ፈህሚያ በድሩ